ንጉሡም «አንተ»፣ ቅጠሉም «አንተ»

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ «አንተ» ነው። ስለኛ «አንተ» ግን አይደለም። ከሺህ ዓመትና ከዚያም በፊት ጎቶች የተባሉት የጥንት ሕዝቦች፣ እንግሊዞች፣ ጀርመኖች፣ ኖርዌዮችና አይስላንዶች ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከአንድ ጎልማሳ ልጀምር። ስሙ ቤዎውልፍ ነው። በስሙ የሚጠራው የጀግና ግጥም ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ግጥሞች ሁሉ ይረዝማል። በእጃችን ያለው ብቸኛ ቅጂ የተጻፈው በ1000 አካባቢ ነው። ጎልማሳው ባሕር አቋርጦ ወደ ዴኖች አገር፣ ወደ ዴንማርክ፣ ይመጣል። ንጉሡ ሮትጋር ሽማግሌ ነው፤ የተከበረ ነው። ቤዎውልፍ ዘሎ አይገባም። ውጭ ቆሞ በአጋፋሪ በኩል ያስጠይቃል። ሲፈቀድለት ይገባና ንጉሡ ፊት ቆሞ «ሮትጋር ሆይ፣ ጤና ሁን!» ይላል። «ይሁኑ» አላለም። «ሁን» ነው ያለው፤ ያውም «አንተ» የሚለውን ቃል በግልጽ ጨምሮ።

እኛ ጋ ቢሆን ይሄ ልጅ ጆሮውን ተይዞ ይወጣ ነበር። እዚያ ማንም ቅር አላለውም። ገጣሚው እንግዳውን እንደ ባለጌ አያቀርበውም፤ እንዲያውም ሥርዓት አዋቂ መሆኑን ሊያሳየን ይደክማል። ታዲያ ንጉሡን ለምን «አንተ» አለው? መልሱ አጭር ነው፤ ሌላ ቃል አልነበረውም። ከላይ የጠራኋቸው ሕዝቦች ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ በአንድነት ጀርመናዊ ቋንቋዎች ይባላሉ። በጥንቶቹ ጀርመናዊ ቋንቋዎች ይህ ተውላጠ ስም ሰው ይቆጥራል እንጂ ሰው አይመዝንም። ፊትህ ያለው አንድ ነው? ሁለት ናቸው? ወይስ ከዚያ በላይ? ጥያቄው ይኸው ብቻ ነበር። ክብር በማዕረግ ስም፣ በስጦታ፣ በመቀመጫ ቦታ ይገለጣል። ተውላጠ ስሙ ውስጥ የገባው ኋላ ነው፤ እሱም ከጎረቤት ተበድሮ።

መጀመሪያ ቃሏን እንያት። እዚህ አንድ ችግር አለ። እንግሊዝኛ ስንማር መምህሩ «ምላሳችሁን በጥርሳችሁ መሃል አውጡ» እያለ ያስጨነቀንን ድምፅ ታስታውሳላችሁ? ቃሏ የምትጀምረው በሱ ነው። መድረክ ላይ ምላሴን አውጥቼ አሳየሁ፤ በጽሑፍ ግን አይቻልም። ስለዚህ በጥቅስ ውስጥ በማስቀምጣቸው የባዕድ ቃላት ላይ ይህን ድምፅ በ«ሠ» እጽፈዋለሁ። ዛሬ «ሠ» እና «ሰ» አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ «ሠ» ለአንድ ቀን ትርፍ ሥራ ብትይዝ የሚከፋው አይኖርም።

እንግዲህ በጎትኛ «ሡ»፣ በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሡ»፣ በጥንታዊ ኖርስ፣ ማለትም በኖርዌዮችና በአይስላንዶች የድሮ ቋንቋ፣ «ሡ» ነው። ላቲን «ቱ» ይላል፤ ሊትዌንያም «ቱ»፣ ሂንዲም «ቱ»። ሁሉም ከአንድ አያት የወረዱ ናቸው። ልዩነቱን ሥርዓት አስይዞ ያሳየው ያዕቆብ ግሪም ነው፤ ከወንድሙ ጋር ተረት የሰበሰበው ያው ግሪም። በ1822 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ የድሮው «ት» በጀርመናዊ ቋንቋዎች «ሥ» እንደሆነ፣ ይህም በዘፈቀደ ሳይሆን ተራውን ጠብቆ እንደተፈጸመ አሳየ። የላቲኑ «ትሬስ» በእንግሊዝኛ «ሥሪ» ነው፤ ሦስት ማለት ነው። «ቱ»ም በዚያው መንገድ «ሡ» ሆነ። ጀርመኖች ቆይተው አንድ እርምጃ ጨመሩና «ሥ»ን ወደ «ድ» አዞሩት፤ ዛሬ «ዱ» የሚሉት ለዚህ ነው። በስዊዘርላንዱ ሳንክት ጋለን ገዳም በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጻፈው «አባታችን ሆይ» ግን ገና በድሮው ፊደል «ሡ» ብሎ ነው የሚጽፈው።

ቃሏ እንደ አገባቧ መልኳን ትቀይራለች። ጎትኛ «አንተ» ሲል «ሡ»፣ «አንተን» ሲል «ሡክ»፣ «ላንተ» ሲል «ሡስ»፣ «ያንተ» ሲል «ሢና» ነበር። እንግሊዞች «አንተን»ንና «ላንተ»ን ቀስ በቀስ አዋህደው ለሁለቱም «ሤ» አሉ። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ለይተው ይዘዋቸዋል። ጀርመንኛ የተማረ ሰው በዚህ ስንት ፈተና እንደወደቀ ያውቀዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቃሏ ግሥ ላይ የተጣበቀችበት መንገድ ነው። በድሮው ጀርመንኛ «ትወስዳለህ» ለማለት ግሡ መጨረሻው «ስ» ብቻ ነበር፤ «ኒሚስ»። ሰው ሲጠይቅ ግሡን ያስቀድምና ተውላጠ ስሙን ያስከትላል፤ «ኒሚስ ሡ?»። ቶሎ ቶሎ ሲነገር ሁለቱ ይጋጩና «ኒሚስቱ» ይሆናሉ። ቀጣዩ ትውልድ ይህን ሲሰማ በተሳሳተ ቦታ ላይ ቆረጠው፤ «ኒሚስት» ግሡ፣ «ዱ» ተውላጠ ስሙ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ላይ ሁለቱም ቅርጾች ጎን ለጎን ይታያሉ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጀርመናዊ «ዱ ኮምስት» ብሎ «ትመጣለህ» ሲል ያችው «አንተ» ሁለት ጊዜ አለች ማለት ይቻላል። አንዷ በግልጽ ቆማለች፤ የሌላዋ ቁራጭ ግሡ ጭራ ላይ ተደብቋል።

አይስላንዶች መጣበቁን እስከ ጥግ ወሰዱት። «ስማ» ሲሉ «ሄይርዱ»፣ «ነህ?» ሲሉ «ኤርቱ» ይላሉ። መጨረሻው ያው «ሡ» ነው። ብዙ ቁጥር ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል፤ በተቃራኒው። ኖርስ «እናንተ» ሲል «ኤር» ይል ነበር። ግሡ መጨረሻው ላይ ምላስ በጥርስ መሃል የሚወጣበት ድምፅ ስላለው፣ ያ ድምፅ ከግሡ ወደ ተውላጠ ስሙ ተሻገረና «ኤር» «ሤር» ሆነች። ይህችን «ሤር» ያዙልኝ፤ ታስፈልገናለች።

አሁን ወደ ቆጠራው። አማርኛ «አንተ» ከማለቱ በፊት ወንድ ነው ሴት ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ቋንቋዎች ይህን አይጠይቁም፤ ወንድም ሴትም «ሡ» ነው። እኛ የማንጠይቀውን ግን ይጠይቃሉ። ሁለት ሰዎች ከሆኑ ለብቻ ቃል አላቸው። የመጽሐፍ አረብኛ የተማረ ሰው «አንቱማ» የሚለውን ያውቃል፤ እንደዚያ ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሁለታችሁ» «ዪት» ነው፤ «ሁለታችሁን» ደግሞ «ኢንክ»።

ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከጎትኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተሻለ ቦታ የለም። የተረጎመው ዉልፊላ የሚባል የ4ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳስ ነው፤ ለሥራው ፊደል ጭምር ቀርጿል። ዋናው ቅጂ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ ሲሆን ዛሬ ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ ይገኛል። ማርቆስ ምዕራፍ 10ን እናንብብ። የዘብዴዎስ ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ ኢየሱስን ይለምናሉ፤ አንዳችን በቀኝህ፣ አንዳችን በግራህ እንቀመጥ ይላሉ። እሱም «ምን ላደርግላችሁ ትወዳላችሁ?» ይላቸዋል። አማርኛው «ላደርግላችሁ» ስለሚል ቃሉ ብቻውን ሁለት ይሁኑ ሃያ አይነግረንም። ግሪክኛውም እንደዚያው ብዙ ቁጥር ነው የሚጠቀመው። ዉልፊላ ግን እዚህ ላይ ግሪኩን ቃል በቃል አልተከተለም። «ዊሊትስ» አለ፤ ሁለታችሁ ምን ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። «ኢንክዊስ» አለ፤ ለሁለታችሁ።

ዝቅ ብላችሁ አንብቡ። ሌሎቹ አሥሩ ደቀ መዛሙርት ይህን ሰምተው ይቆጣሉ። ኢየሱስ ሁሉንም ይጠራና ስለ አሕዛብ አለቆች ያስተምራቸዋል። እዚያ ላይ ጎትኛው ወዲያው ወደ ብዙ ቁጥር ይሻገራል። የሁለቱ ወንድማማቾች የግል ልመና ለብቻው ተከልሎ ነበር፤ አሁን ለሁሉም ተከፈተ። ግሪክኛው ላይ ይህ ሽግግር አይታይም። ዉልፊላ ቋንቋው ስላስገደደው ይሁን ጆሮው ስላልፈቀደለት፣ ከምንጩ የበለጠ ነገር ነገረን። እኔ ይህን ቦታ ካነበብኩ ወዲህ «ትርጉም ሁሌም ያጎድላል» የሚለውን ወሬ አላምንም።

ወደ ቤዎውልፍ ስንመለስ ያው የሁለት ቁጥር ለተንኮል ሲውል እናያለን። ኡንፈርት የሚባል ምቀኛ ሰው አዳራሹ ውስጥ ይነሳና «ያ ከብሬካ ጋር የተወዳደርከው ቤዎውልፍ አንተ ነህ?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ «ዪት» እያለ ይቀጥላል። ሁለታችሁ በትዕቢት ባሕሩን ሞከራችሁት። ሁለታችሁን ወዳጅም ጠላትም ሊመልሳችሁ አልቻለም። ሁለታችሁ ዋኛችሁ። ጎልማሳውን ከብሬካ ጋር ጥንድ አድርጎ ያስረዋል። ከዚያ በድንገት ማሰሪያውን ይቆርጠዋል፤ እሱ በዋና አንተን አሸነፈህ። እዚህ ላይ ቃሉ «ሤ» ነው፤ ነጠላ። ስድቡ ሌላ ቃል አላስፈለገውም። ከሁለት ወደ አንድ መውረዱ ራሱ ስድብ ነው።

የሁለት ቁጥሩ ብዙ አልቆየም። በጥንታዊው የደቡብ ጀርመንኛ ከመነሻውም ፍርፋሪ ነበር፤ በእንግሊዝኛ እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ተንፏቆ ሄደ። በባቫሪያና በኦስትሪያ ገጠሮች ግን ዛሬም «ኤንክ» የሚል ትሰማላችሁ። የድሮው «ሁለታችሁን» ነው፤ አሁን ትርጉሙ «እናንተን» ሆኗል፤ ስንትም ብትሆኑ።

ወደ ነጠላዋ እንመለስ። ለማን ትባል ነበር? ለሁሉ። አይስላንዶች በጻፉልን የአማልክት ግጥም ውስጥ ሎኪ የሚባለው ነገረኛ አማልክቱን በየተራ ይሰድባል። አማልክቱም እሱም «ሤጊ ሡ» ይባባላሉ፤ «ዝም በል አንተ»፣ «ዝም በይ አንቺ»። ስድቡ «ዝም በል» ላይ ነው፤ «ሡ» ላይ አይደለም። ያው ቃል ጸሎት ውስጥ ለእግዚአብሔር ይባላል።

ለቅጠልም ይባላል። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ዘጠኝ ዕፅዋትን ለመርዝ መድኃኒት የሚጠራ ድግምት አለ። የመጀመሪያዋ የአሪቲ ዘመድ የሆነች ቅጠል ናት። ደጋሚው «አስታውሺ፣ ምን እንደገለጥሽ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዕፅዋት ሁሉ ታላቅ መሆኗን፣ ለሦስትም ለሠላሳም እንደምትበረታ ይነግራታል። «አስታውሺ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አማርኛ ፆታ ስላስገደደኝ። እንግሊዝኛው «ሡ» ነው ያለው። ቤዎውልፍ ለንጉሡ ያለው ያው ቃል ነው።

ከጀርመኖቹ ደግሞ የሂልደብራንትን ግጥም አንሱ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ አንድ መጽሐፍ ባዶ ገጾቹ ላይ ተጽፎ የተረፈ ነው። አባትና ልጅ በሁለት ጦር መካከል ይገናኛሉ። ልጁ አባቱን አያውቀውም። አባት «ልጄ፣ አንዱን ዘመድህን ብትነግረኝ ሌሎቹን አውቃቸዋለሁ» ይለዋል። ልጁ «አንተ ሽማግሌ የሁን ሕዝብ ሰው፣ መጠን የለሽ ብልጥ ነህ» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም «ዱ» ይባባላሉ። በአማርኛ ብንተርከው ልጁ «አንተ» ባለ ቅጽበት የመናቅ ጣዕም ይኖረዋል፤ «እርስዎ» ቢል ደግሞ ጥርጣሬው ይደበዝዛል። ዋናው ግጥም ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ልጁ አባቱን የጎዳው አባትነቱን ባለማመኑ ነው። የግጥሙ መጨረሻ ጠፍቷል፤ በሌሎች ትረካዎች መሠረት አባት ልጁን ይገድላል።

ከሁሉም የምወዳት ግን አንዲት መስመር ናት። በ1932 ኬኔት ሲሳም የሚባል ምሁር ኦክስፎርድ ውስጥ ከሮቸስተር ገዳም የመጣ የድሮ የእጅ ጽሑፍ ሲያገላብጥ አገኛት። አንድ መነኩሴ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የብዕሩን ጫፍ ሲሞክር የጫራት ናት። «ወፎች ሁሉ ጎጆ መሥራት ጀመሩ፤ ከኔና ካንተ በቀር፤ አሁን ምን እንጠብቃለን?» ትላለች። ወይም «ከኔና ካንቺ በቀር»። በዋናው ላይ ያለው «ሂክ ኤንዳ ሡ» ነው፤ «እኔና» አንድ ሰው። ከላይዋ ያው ሐሳብ በላቲን ሰፍሯል፤ «ሡ» ከላቲኑ «ቱ» ሥር ትገኛለች፤ ሁለት ዘመዳሞች በአንድ ብራና ላይ። ደቾች፣ የሆላንድ ሰዎች ማለቴ ነው፣ የኛ ናት ብለው ከጥንታዊ ጽሑፎቻቸው ሁሉ ዝነኛዋ አድርገዋታል። የቋንቋዋ ነገር ከኬንት እንግሊዝኛ ይቀርባል ብለው የሚከራከሩም አሉ። ያም ሆነ ይህ ነገሩ ያስቃል፤ በደችኛ የምትታወቀው የጥንት መስመር የያዘችው ቃል፣ ደችኛ ኋላ ላይ አሽቀንጥሮ የጣለው ቃል ነው።

ወደ መጣሉ እንምጣ። ምዘናው የጀመረው ከሮም ነው። ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለላቲን ንጉሠ ነገሥታት «ቱ» ቀርቶ «ዎስ» ይባል ጀመር፤ «እናንተ» ማለት ነው። እነሱም ስለራሳቸው «እኛ» ይሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት በላቲን ይጽፉ ስለነበር ልማዱ ወደ ጎረቤት ቋንቋዎች ተላለፈ። በጀርመንኛ ቀድሞ የሚጠቀሰው ምሳሌ የኦትፍሪድ ነው። በ860ዎቹ ወንጌልን በግጥም የጻፈ መነኩሴ ነው። ለኮንስታንስ ጳጳስ ለሰሎሞን ባቀረበው መግቢያ ላይ ጳጳሱን «ኢር» ይለዋል፤ አንዱን ሰው «እናንተ»። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተከፈተ።

ሰዎች ልማዱ እንግዳ እንደሆነባቸው የሚያሳይ ድንቅ ማስረጃ አለ። በ1250 አካባቢ ኖርዌይ ውስጥ «የንጉሥ መስታወት» የሚባል መጽሐፍ ተጻፈ። አባት ልጁን ስለ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ያስተምራል፤ ከንጉሥ ጋር ስትነጋገር ብዙ ቁጥር ተጠቀም ይለዋል፤ ያቺን «ሤር» ማለት ነው። ልጁ ብልጥ ነው። እግዚአብሔርን በጸሎት «አንተ» እንላለን፤ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ሆኖ ሳለ ንጉሥን ለምን ብዙ እናደርገዋለን ብሎ ይጠይቃል። ልጅ ሆኖ «አባታችን ሆይ»ን እየደገመ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ አያቱን «አንቱ» እያለ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ጥያቄ አይጠፋበትም። አባትየው ሁለት መልስ አለው። እግዚአብሔር አንድ ነው፤ ብዙ ብንለው ብዙ አማልክት ያሉ እንዳይመስል ነው። ንጉሥ ደግሞ ብቻውን አይመክርም፤ ከኋላው ብዙ አማካሪ አለ፤ እሱን ስታናግር ሁሉንም እያናገርክ ነው።

ሁለተኛው መልስ ብዙም አላሳመነኝም። ሽማግሌው የላቲንን ፋሽን እንደ አመክንዮ አድርጎ ሊሸጥልን የሞከረ ይመስለኛል። ጥያቄው ግን ወርቅ ነው። ከቆጠራ ወደ ምዘና የተሻገሩበትን ሰሞን የሚመሰክር ልጅ ነው።

ምዘናው ከገባ በኋላ «ሡ» አደገኛ ሆነች። በእንግሊዝ ከ1066ቱ የኖርማን ወረራ በኋላ የፈረንሳይኛ ልማድ ተጫነ፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ብዙ ቁጥር ለአንድ የተከበረ ሰው መባል ጀመረ። ነጠላዋ ለልጅ፣ ለአሽከር፣ ለእንስሳ፣ ለወዳጅና ለእግዚአብሔር ቀረች። በ1603 እንግሊዛዊው ባሕረኛ ዋልተር ራሌ በአገር ክህደት ሲከሰስ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ «አንተ እልሃለሁ፣ አንተ ከሃዲ!» ብሎ ጮኸበት። ቤዎውልፍ ንጉሥ የተሳለመበት ቃል ችሎት ላይ ድንጋይ ሆኖ ተወረወረ። በዚያው ክፍለ ዘመን ኩዌከሮች የሚባሉ ክርስቲያኖች ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ዳኛውንም ጌታውንም በነጠላ ጠሩ። ዱላ ቀመሱበት። ሌላው ሕዝብ ግን ሰው ማስቀየምን ስለፈራ ለሁሉም ብዙውን ማለት ቀለለው፤ ነጠላዋ ከዕለት ንግግር ወጣች። ዮርክሻየር አካባቢ «ዛ» የሚሉ ሽማግሌዎች ዘንድ ተርፋለች። የ1611ዱ መጽሐፍ ቅዱስ ስለጠበቃት ደግሞ ዛሬ ብዙ ሰው ከፍ ያለች የክብር ቃል ትመስለዋለች። ነገሩ ግልብጥ ነው።

ደቾችም እንዲሁ ጣሏት። ይባስ ብለው በ1637 ባሳተሙት መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርንም በድሮው ብዙ ቁጥር «ኼይ» አሉት። የኖርዌዩ አባት ቢሰማ ደንግጦ ይሞት ነበር። ጀርመኖች «ዱ»ን ጠበቁ፤ ግን ዙሪያዋ ላይ ሦስት ዓይነት የክብር ቃል በየዘመኑ ከመሩ። ዝርዝሩ አሰልቺ ነው፤ እዘለዋለሁ።

የአይስላንድ ነገር ግን አይዘለልም። እዚያ የድሮው የሁለት ቃል «ሢድ» አሸንፎ የብዙ ቁጥር ሆነ። ዛሬ አስተማሪ አምሳ ተማሪ «ሢድ» ሲል በጥንቱ ሰዋስው «ሁለታችሁ» እያለ ነው። ከሥራዋ የተፈናቀለችው ብዙ ቁጥር «ሤር» የክብር «እርስዎ» ሆና ለጥቂት መቶ ዓመታት ኖረች። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ እሷንም ተዉአት። አሁን በአይስላንድ የሱቅ ሻጩም፣ ሐኪሙም፣ ፕሬዚዳንቷም «ሡ» ነው የሚባሉት። «ሤር»ን በብዛት የምታገኟት የድሮ ደብዳቤ ላይ ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄ እንለፍ።